ዲቁና በ25 ዓመት፦ ከጅማ ሆኖ ከየት ይጀመራል?

ዘአዌቱ፦

ሰላም ለሁላችሁ ይሁን። አባቶቼ፣ ወንድሞቼ፣ የሚያውቅ ሰው ምክር ፈልጌ ነው የጻፍኩት። 25 ዓመቴ ነው፣ አላገባሁም፣ ጅማ ከተማ ቡና መጋዘን ውስጥ ሒሳብ እሠራለሁ። በሰንበት ትምህርት ቤት አልፌያለሁ፤ አብነት ትምህርት ቤት (ጥንታዊው የቤተ ክርስቲያን ትምህርት) ግን ገብቼ አላውቅም። ግእዝ የማውቀው የቅዳሴውን ተሰጥኦ (ሕዝቡ የሚመልሰውን) ብቻ ነው።

የማስበው ክህነት ነው። መጀመሪያ ዲቁና፣ እግዚአብሔር ቢፈቅድ ደግሞ ቅስና። ግን ይህ ሐሳብ ጥሪ ይሁን ስሜት በምን ይለያል? ሥራ ሳይለቁ ማታ ማታ ተምሮ ለዲቁና መድረስ ይቻላል ወይስ የግድ ወደ ጉባኤ ቤት መሄድ አለብኝ? ምን ያህል ጊዜስ ይወስዳል? ወረቀቱ ከየት ይጀምራል? ዕድሜዬ አልፏል የሚሉኝም ስላሉ በእሱም ላይ አንድ ነገር ብትሉኝ። እግዚአብሔር ይስጥልኝ።

የንባብ ቤት፦

ወንድሜ፣ ከዕድሜው ልጀምር፣ እሱ ቀላሉ ነው። አላለፈብህም። ፍትሐ ነገሥቱ ለዲያቆን 25፣ ለቄስ 30 ዓመት ነው የሚያዝዘው። የዘገየህ የሚመስልህ በዘጠኝና በአሥር ዓመታቸው ዲያቆን የሆኑ ልጆች እያየህ ስላደግህ ነው። ያ ልማድ ሥር የሰደደው አገሪቱ በሙሉ ከግብፅ በሚመጣ አንድ ጳጳስ በምትጠበቅበት ዘመን ነው። ጳጳሱ ሳይመጣ ዓመታት ስለሚያልፉ፣ የተገኘ ዕለት ሕፃኑም ልጁም ተሰብስቦ ይቀርብ ነበር። የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ሊቀ ጳጳስ አቡነ ባስልዮስ የተሾሙት በ1943 ዓ.ም. ነው፤ ልማዱ ግን ምክንያቱ ካለፈም በኋላ ቀጥሏል።

አሁን ወደ ትምህርቱ። አማርኛ ስለምታነብ ፊደል ቆጠራ ላይ ጊዜ አታጠፋም፤ ግን አማርኛ ማንበብህ ራሱ ችግር ያመጣብሃል። ግእዙን በአማርኛ አወዳደቅ ታነበዋለህ። ግእዝ የራሱ ተነሽ፣ ወዳቂ፣ ሰያፍና ተጣይ የሚባሉ የአነባበብ ዓይነቶች አሉት። ቃሉ ግሥ ሲሆንና ስም ሲሆን አነሣሡ ይለያያል፣ በሳድስ የሚጨርሰው ቃል ደግሞ ሰያፍና ተጣይ ተብሎ ለሁለት ይከፈላል። ይህንን በመጀመሪያው ወር ያላስተካከለ ሰው በሦስተኛው ዓመትም አያስተካክለውም፤ ምላሱ ይደርቅበታል። አዋቂ ተማሪ ላይ በብዛት የሚታየው ጉድለት ይኸው ነው።

መነሻው አንደኛ መልእክተ ዮሐንስ ነው። አምስት ምዕራፍ፣ 105 ቁጥር። አሠራሩ የታወቀ ነው፤ በቁጥር ትጀምራለህ (ፊደል በፊደል)፣ ከዚያ ግእዝ የሚባለው የንባብ ደረጃ፣ ከዚያ ውርድ ንባብ፣ መጨረሻ ቁም ንባብ (ሳይጎተት የሚነበበው)። አንድ ምዕራፍ ቁም ንባቡ ሳይጠራ ወደሚቀጥለው አይታለፍም። በሳምንት ሦስት ማታ ሁለት ሁለት ሰዓት ብትቀመጥ ሁለት ሦስት ወር ይበቃዋል። ከዚያ ወንጌለ ዮሐንስ፣ ቀጥሎ ዳዊት።

ዳዊት 15 ንጉሥ ነው፣ አንዱ ንጉሥ አሥር መዝሙር። በሁለት ሳምንት አንድ ንጉሥ እያልክ ብትሄድ በሰባት ወር ገደማ ታደርሰዋለህ፤ ግን 12ኛው ንጉሥ ላይ ስትደርስ ሒሳቡ ይፈርሳል፣ 176 ቁጥር ያለው መዝሙር 118 እዚያ ውስጥ ነው። ለእሱ ብቻውን አንድ ወር ያዝለት። ከዳዊት በኋላ ጸሎተ ነቢያት፣ መኃልየ መኃልይ።

በቃል የሚያዘው ከንባቡ ጎን ለጎን ይሄዳል። ውዳሴ ማርያም ሰባት ዕለት ነው፤ የሰኞውን በሰኞ፣ የማክሰኞውን በማክሰኞ፣ በየሳምንቱ አንድ አዲስ ዕለት እየጨመርክ ያዝ። ቀጥሎ ይዌድስዋ መላእክት፣ አንቀጸ ብርሃን፣ መልክአ ማርያም፣ መልክአ ኢየሱስ። ይህ ሁሉ ካለ በኋላ ነው ግብረ ዲቁና (ዲያቆኑ በቅዳሴ የሚለው ክፍል) የሚነካው። ብዙዎች ተገልብጠው ከቅዳሴው ይጀምራሉ፣ ዜማው ስለሚጥም።

አንድ ነገር ስለ ስልክ። ቅጂ እየሰማ የሚያጠና ሰው ዜማውን ይይዛል፣ ፊደሉን ግን አያየውም። «ሰአሊ ለነ ቅድስት» የሚለውን በ«ሠ» እና በ«ዐ» ጽፎ ያመጣ ተማሪ «ለምኝልን» ማለቱ ቀርቶ «ሥዕል ሣይልን» ብሏል። ለጆሮ ሁለቱም አንድ ናቸው፤ ልዩነቱ በዓይን ነው የሚያዘው። «መሀረ» አስተማረ ነው፣ «መሐረ» ይቅር አለ ነው። «ሠረቀ» ፀሐይ ወጣ ነው፣ «ሰረቀ» ግን የሌባ ሥራ ነው። ስለዚህ ስልኩ ለመከለሻ እንጂ ለመማሪያ አይሆንም። ቀለም ከመምህር አፍ ነው የሚወሰደው።

ጠቅላላ ጊዜውን ለጠየቅከው፤ ሠርቶ የሚማር ሰው ሳያቋርጥ ከሄደ ሁለት ዓመት ተኩል እስከ ሦስት ዓመት ብዬ እገምታለሁ። በስድስት ወር አደርስሃለሁ የሚልህ ካለ፣ የሚያደርስህ ወረቀቱ ጋ ነው።

ቆሎ ተማሪ፦

የንባብ ቤት መልካም ብለዋል፣ ግን በአንድ ነገር አልስማማም። ማታ ማታ የተማረ ሰው ንባብ ይዞ ሊወጣ ይችላል፤ ቅዳሴ ግን አይወጣለትም። ቅዳሴ ቤት ሌሊትና ቀን እየተሰማ፣ ከመምህሩ ጋር እየተቀደሰ ነው የሚገባው። ወንድማችን ዓመት ፈቃድ አስወጥቶ ወደ ጎጃም ወይም ጎንደር ቢወርድ፣ ሦስት ዓመት የሚባለው በአንድ ዓመት ተኩል ያልቃል። ደግሞም ክህነት የሚፈልግ ሰው ራት ለምኖ መብላትን ሳያውቅ ቢቀርስ?

ሌላው ያልተነሣው የዜማው ወገን ነው። የቅዳሴ ዜማ ሁለት ወገን አለው፣ ደብረ ዓባይና ሰሌልኩላ። የጀመርክበትን ጠይቅና እስከ መጨረሻው በእሱ ሂድ። አንድ ዓመት ከአንዱ መምህር፣ ሌላ ዓመት ከሌላው ተምሮ ሁለቱን የቀላቀለ ዲያቆን መቅደስ ውስጥ ካህኑን ያደናግራል፤ ራሱም የትኛው ላይ እንዳለ አያውቅም።

የንባብ ቤት፦

ቆሎ ተማሪ፣ ወገኑን ማንሣትህ ትክክል ነው፣ እኔ ረስቼዋለሁ። ስለ ጉባኤ ቤቱ ግን፣ ለድጓ፣ ለቅኔ ወይም ለአቋቋም ቢሆን «ሂድ» እለው ነበር፤ እነዚያ በትርፍ ሰዓት አይሆኑም። ለዲቁና ግን የሚያስፈልገው አንድ ቋሚ መምህርና ያልተቋረጠ መቅደስ ነው፤ ሁለቱም እዚሁ ይገኛሉ። ሥራውን ለቆ ሄዶ በስምንተኛው ወር ገንዘብ አልቆበት የሚመለስ ሰው ንባቡም ሥራውም ይቀርበታል። ራት ስለ መለመኑ፣ ትሕትናውን ከፈለገ አጥቢያው ውስጥ ግቢ መጥረግና ውኃ መቅዳት አለለት።

ሰሞነኛ፦

እግዚአብሔር ይመስገን። እኔ «ጥሪ ነው ወይስ ስሜት» ያልከውን ልያዝ፤ ሌላው ሁሉ ከዚያ ይወጣልና።

መጀመሪያ የምትፈልገውን በስሙ ጥራው። ሰንበት ትምህርት ቤት ያለፉ ወጣቶች ብዙዎቹ «ክህነት» ሲሉ ልባቸው ያለው ስብከት ላይ ነው። ቆሞ ማስተማር፣ ሕዝብ ሲሰማ ማየት። ይህ በራሱ ክፉ አይደለም፤ ግን ስብከት ለማገልገል ክህነት ቅድመ ሁኔታ አይደለም፣ ዲያቆን ደግሞ አብዛኛውን ጊዜውን የሚያሳልፈው ማንም በማያየው ቦታ ነው። ቤተ ልሔም (የኅብስቱ ማዘጋጃ ቤት) ገብቶ ኅብስቱን መጋገር፣ ዘቢቡን መዘፍዘፍና መጭመቅ፣ ንዋያቱን ማጠብ፣ ጧፍ ማዘጋጀት፣ ጽናውን (የዕጣን ማጠኛውን) ማቀጣጠል። ሐሳብህ ውስጥ ራስህን ስታየው የት ቆመህ ነው? ዐውደ ምሕረት ላይ ከሆነ ከሰንበት ትምህርት ቤት መምህራን ጋር ቀጥል።

ሁለተኛው መለያ ይኼ ነው። ከዛሬ ጀምሮ ሦስት ወር ኪዳን (የጠዋቱን ጸሎት) ሳታስታጉል ቁም። ጅማ በክረምቱ ሌሊቱን ሲዘንብ አድሮ ጎሕ ሳይቀድ ተነሥቶ በጭቃ መሄድ ምን እንደሆነ ታውቀዋለህ። በሰኔና በሐምሌ የቆመ ሰው በጥቅምት ይቆማል። በጥቅምት ብቻ የቆመ ስሜቱን ነው ያየው።

ሦስተኛው፣ ለንስሐ አባትህ ንገራቸውና መልሳቸውን ተቀበል። «ትንሽ ቆይ» ካሉህ ሌላ የንስሐ አባት ፍለጋ አትሂድ። ሐዋርያውም በማንም ላይ ፈጥነህ እጅህን አትጫን ብሎ ያዘዘው ጢሞቴዎስን ነው፤ መዘግየቱ የሥርዓቱ አካል ነው። ሕልም አየሁ፣ እናቴ ተስላ ነበር፣ ባሕታዊ ነገረኝ የሚለውን ሁሉ ለእሳቸው ንገር፤ ለሌላ ሰው አታውራ። በሕልም የተጀመረ ሁሉ ይጣላል አልልም፣ ግን ሕልም የዳዊትን ንባብ አይተካም።

እንግዲህ ሥራ ላላቸው የሚከብደው። ለመቀደስ 18 ሰዓት መጾም ግድ ነው። የእሑዱ ቅዳሴ ጠዋት 3 ሰዓት ላይ የሚቆረብበት ከሆነ ቅዳሜ ከቀኑ 9 ሰዓት ጀምሮ እህል ውኃ የለም። መጋዘን ውስጥ ቅዳሜ እስከ ማታ የምትሠራ ከሆነ ምሳህን 8 ሰዓት ላይ በልተህ መጨረስ አለብህ ማለት ነው። የጾም ቀናት ቅዳሴ ደግሞ ቀን ነው የሚገባው፣ ከእኩለ ቀን በኋላ። በዐቢይ ጾም 55 ቀን ሰሞነኛ (የአገልግሎት ተረኛ) የሆነ ዲያቆን በሳምንቱ ቀናት ከሰዓት በኋላ ቢሮ የለም። ይህንን ከአሠሪህ ጋር አስቀድመህ ካልተነጋገርክ፣ ሰሞንህን ሌሎች ይሸከሙልሃል፤ ሁለተኛው ዓመት ላይ ስምህ ከተራው ይወጣል።

ቅዳሴ ቢያንስ በአምስት ልዑካን ነው፤ ሁለት ካህናት፣ ሦስት ዲያቆናት። ከተማ ውስጥ አንድ ሰው ቢቀር ሌላ ይገኛል። አንድ ዲያቆን ሌሊት ሕልም ቢመታው ወይም ጠዋት አፍንጫው ቢነስረው መቅደስ አይገባም፤ ደብቆ መግባት ደግሞ ትልቅ ጥፋት ነው። ስለዚህ ልማድ አድርገህ ያዘው፤ አንድ ነገር ከሆነ አፍረህ ዝም አትበል፣ ልብሰ ተክህኖ ሳይለበስ በጊዜ ለካህኑ ተናገር።

አንድ ነገር በቅርብ ላሳይህ። ፍሬ ቅዳሴው (የቅዳሴው ዋና ክፍል) ውስጥ «እለ ትነብሩ ተንሥኡ»፣ «ውስተ ጽባሕ ነጽሩ»፣ «ንነጽር» የሚሉት ሦስት የዲያቆን ቃላት አሉ። አጫጭር ናቸው፣ ሁሉም ሰው በልቡ ያውቃቸዋል። ጀማሪው የሚወድቀው ግን እዚሁ ነው። በመካከላቸው የካህኑ ጸሎት አለ። ጀማሪው መጽሐፉ ላይ የራሱን መስመር ብቻ እያየ ካህኑ ሳይጨርስ ይገባል፣ ሕዝቡም ተከትሎት ይገባል፣ ካህኑ መሐል ላይ ይቀራል። መድኃኒቱ የካህኑን ክፍል መጨረሻ ሁለት ሦስት ቃል ከራስህ ክፍል ጋር አንድ ላይ በቃል መያዝ ነው። የራስህን ብቻ አታጥና።

ንባቡም እንደዚሁ። ጳውሎስን ሠራዒው (ዋናው) ዲያቆን ያነባል፣ ንፍቅ (ረዳት) ዲያቆኑ ከሰባቱ መልእክታት፣ ንፍቅ ካህኑ ግብረ ሐዋርያትን፣ ወንጌሉን ሠራዒው ካህን። የዕለቱ ምንባብ ግጻዌ (የየዕለቱን ምንባብ የሚያሳየው መጽሐፍ) ላይ አለ፤ በዋዜማው ታይቶ መጽሐፉ ላይ ክር ይደረጋል። ጠዋት መቅደስ ውስጥ ገጽ መፈለግ የዝግጅት ጉድለት ነው፣ ሰበብ የለውም።

የገጠር ቄስ፦

ዲቁናውን በደንብ ነግረውሃል። እኔ ስለ ቅስናው ትንሽ ልጨምር፣ ምክንያቱም ዛሬ የምትወስነው ውሳኔ የዚያን በር ሊዘጋብህ ይችላል።

ነገሩ ጋብቻ ነው። ለዲቁና የሚቀርብ ያላገባ ወንድ ድንግል መሆን አለበት፤ ይህንን ከንስሐ አባትህ ጋር ብቻችሁን ተነጋገሩ፣ እዚህ አትጻፈው። ዲያቆን ሆኖ ያለ ጋብቻ የወደቀ ክህነቱ ይቀርበታል፤ ንስሐው ይቀበላል፣ መቅደሱ ግን አይመለስለትም። የሚያገባትም ልጅ ድንግል መሆን አለባት፤ ፈት ወይም ባሏ የሞተባት አትሆንም። ጋብቻው በተክሊልና በቁርባን ነው። ቅስና ከተቀበለ በኋላ ማግባት የለም። ሚስቱ ብትሞት ሌላ ማግባት አይችልም፣ ብዙዎች ይመነኩሳሉ። ሁለተኛ ያገባ ከቅስናው ይወርዳል። ሳያገባ ቄስ መሆን የሚፈልግ በምንኩስና ነው የሚሄደው፤ እሱ ሌላ መንገድ ነው፣ ሌላ ጥሪም ይጠይቃል።

ስለዚህ የምታጫት ልጅ ካለች ዛሬውኑ ሙሉውን ንገራት። የቄስ ሚስት መሆን ሌሊት በር ሲንኳኳ መነሣት ነው። የታመመ ሰው ቀንዲል (የዘይት ቅባት ጸሎት) ይፈልጋል፣ የሚያጣጥር ሰው ኑዛዜ ይፈልጋል፣ ቀብሩና ፍትሐቱ ቀጠሮ አይጠብቅም። ወንድ ልጅ በ40፣ ሴት ልጅ በ80 ቀን ክርስትና ይነሣሉ፤ ያ ቀን የቤተሰብህ ድግስ ላይ ቢወድቅ የሚቀረው ድግሱ ነው።

ለቅስና ተጨማሪ የምትማረው ከመሠዊያው ወገን ያለውን ነው። 14ቱን ቅዳሴያት፣ ሊጦኑን፣ መስተብቍዑን፣ ኪዳኑን፣ ከዚያ መጽሐፈ ክርስትና፣ መጽሐፈ ተክሊል፣ መጽሐፈ ቀንዲል፣ መጽሐፈ ቄደር፣ መጽሐፈ ግንዘት። 14 ስል ሁሉንም በእኩል ደረጃ በዜማ ማለቴ አይደለም፤ ቅዳሴ ሐዋርያትና ቅዳሴ ማርያም እጅህ ላይ እንደ ዳዊት መሆን አለባቸው፣ ሌሎቹን በየበዓላቸው ትደርስባቸዋለህ።

ስለ ጅማ ደግሞ ማንም ያላነሣው አለ፤ አፋን ኦሮሞ። ከተማው ውስጥ በአማርኛ ይሠራል። ሰቃ፣ ጌራ፣ ጎማ ወይም ሊሙ ገጠር ከተመደብህ ግን ኑዛዜ የሚናዘዙህ እናት በአፋን ኦሮሞ ነው የሚናዘዙት። ስብከትን አስተርጓሚ ሊሸፍነው ይችላል። ኑዛዜ ግን በአስተርጓሚ አይሆንም። አብነቱን ስትጀምር ይህንንም ጀምር፤ ቁቤውን ማንበብ ብቻ አይበቃም፣ «በደልኩ»፣ «ማረኝ»፣ «ቀኖና» የሚሉትን የገጠር ሰው በምን ቃል እንደሚላቸው ከሰው አፍ መስማት ያስፈልጋል። ክህነት ጥሪ ነው ብለህ ከተማ ውስጥ ብቻ ከሆነ የምትፈልገው፣ እሱን ራስህን ጠይቅበት። አምስት ልዑክ ማሟላት አቅቷቸው ቅዳሴ የሚታጎልባቸው አጥቢያዎች ገጠር ናቸው። ደመወዙም የቤት ኪራይ የማይሸፍንበት ቦታ ብዙ ነው፤ የሒሳብ ሙያህን አትጣለው፣ ሰበካ ጉባኤም ሒሳብ የሚያውቅ ካህን አይጠላም።

መዝገብ ቤት፦

ስለ ወረቀቱ በአጭሩ። ሁሉም ነገር ከአጥቢያህ ይነሣል፤ በቀጥታ ሀገረ ስብከት ሄደህ «መሾም እፈልጋለሁ» ብትል ይመልሱሃል። በአጥቢያው ሰበካ ጉባኤ አባልነትህ የተመዘገበና ያልተቋረጠ መሆን አለበት። ከዚያ የሚያስፈልጉህ፤ የክርስትና ማስረጃ፣ ያስተማሩህ መምህር የት ድረስ እንደተማርክ የጻፉት ማረጋገጫ፣ የንስሐ አባትህ ምስክርነት፣ ከአጥቢያው አስተዳዳሪ በማኅተም የወጣ ደብዳቤ፣ ጉርድ ፎቶ። ደብዳቤው በወረዳ ቤተ ክህነት በኩል ወደ ሀገረ ስብከቱ ይሄዳል። እዚያ ትፈተናለህ፤ ዳዊት ከፍተው ከመሐል ያስነብቡሃል፣ ከውዳሴ ማርያም አንዱን ዕለት ያስደግሙሃል፣ ከግብረ ዲቁናው ያስጀምሩሃል። «ይህ ቃል ምን ማለት ነው?» ብለው ስለሚጠይቁም ትርጉሙን አትለፈው።

ሹመቱ የሚሰጠው በሊቀ ጳጳሱ እጅ ነው። ቀኑ በእሳቸው ይወሰናል፣ ብዙ ጊዜ ብዙ ሰው አንድ ላይ ስለሚቀርብ ወራት ልትጠብቅ ትችላለህ። ከሹመቱ በኋላ የሚሰጥህን የምስክር ወረቀት ቁጥሩንና ቀኑን እዚያው ቆመህ አረጋግጥ። የክርስትና ስምና የመዝገብ ስም ተምታቶ የወጣ ወረቀት ለቅስና ስትቀርብ ይይዝሃል፤ ያኔ ማስተካከል ደግሞ ያስለፋል።

ገንዘብ የሚጠይቅህ ማንም ሰው ካለ እዚያው አቁም። ሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 8 ላይ ሲሞን መሠርይ ጴጥሮስን ያለውና የተመለሰለት ነገር ነው ይሄ። በገንዘብ የተገኘ ሹመት ሰጪውንም ተቀባዩንም ከክህነት ያወጣል።

ዘአዌቱ፦

እግዚአብሔር ይስጥልኝ፣ ቃለ ሕይወት ያሰማልን። ብዙ ነገር ተገለጠልኝ። ሁለት ነገር ብቻ ልጠይቅ። አንደኛ፣ ከኅዳር እስከ ጥር ቡናው ስለሚገባ መጋዘኑ እስከ ምሽት 2 ሰዓት ይሠራል፣ እሑድም የሚጠሩን ጊዜ አለ። ሦስት ወር ማቋረጥ ትምህርቱን ያበላሸዋል? ሁለተኛ፣ እጮኛ አለችኝ፤ በሁለት ዓመት ውስጥ ሠርግ አስበናል። ዲቁናው ይቅደም ወይስ ጋብቻው? የቴዎሎጂ ኮሌጅስ ይጠቅመኛል?

የገጠር ቄስ፦

ለሁለተኛው ልመልስ። የተለመደው ዲቁና ቀድሞ ተክሊሉ መከተሉ ነው፣ ሙሽራው ዲያቆን ሆኖ ይገባል። ግን ሠርጉ ቀን ስለተቆረጠለት ብለህ ትምህርቱን አታሯሩጠው። ካልደረስክ አግባ፤ ጋብቻው በተክሊልና በሥጋ ወደሙ ከሆነ በኋላም ለመሾም አይከለክልህም። የሚከለክለው «ለጊዜው በማዘጋጃ ቤት እንፈራረም፣ ቁርባኑን በኋላ እናደርገዋለን» የሚለው ነው። ይህን አታድርግ፤ ቤተሰብ ገንዘብ አልሞላም ብሎ ቢያስጨንቅህ ድግሱን ቀንስ።

ኮሌጁን በተመለከተ፣ አዲስ አበባ ያሉት የቅድስት ሥላሴና የቅዱስ ጳውሎስ መንፈሳዊ ትምህርት ተቋማት ትልቅ ዕውቀት ይሰጣሉ። ግን ዲግሪ ይዞ ዳዊት ያልደገመ ሰው መቅደስ ውስጥ ቆሞ ይመለከታል። አብነቱ ይቅደም።

የንባብ ቤት፦

ስለ ቡናው። ማቋረጥ ያበላሸዋል፣ በተለይ ቃል የሆነውን። አዲስ ነገር አትቀበል እንጂ ያለህን አትልቀቅ። በእነዚያ ሦስት ወራት የዕለቱን ውዳሴ ማርያም ወደ ሥራ ስትሄድ በመንገድ ድገመው፣ ከዳዊት ደግሞ በቀን አንድ መዝሙር፣ የተማርከውን ብቻ። ጾመ ነቢያትም ኅዳር 15 ስለሚገባ ምሳ ሰዓትህ ነፃ ነው፤ መጋዘኑ ጥግ ሩብ ሰዓት ይበቃሃል። እሑድ ከጠሩህ ግን ኪዳኑን ቆመህ ሂድ።

መጽሐፍ ስትገዛ ዳዊቱን በኪስ መጠን የታተመውን አትያዝ፤ በመብራት መቋረጥ ጊዜ በጧፍ ስታነበው ሐመሩ «ሐ» እና ብዙኃኑ «ኀ» አይለዩህም። ትልቁን ግዛ። ወደ የኔታ ስትሄድም እርሳስ ያዝ፣ የተሳሳትክበትን ቃል ከሥሩ ምልክት አድርግበት፤ በሚቀጥለው ማታ ከዚያው ነው የሚያስጀምሩህ።

ዘአዌቱ፦

እሺ አባቴ። ሐሙስ ማታ እጀምራለሁ፣ ከመልእክተ ዮሐንስ።

ሰሞነኛ፦

ከሐሙስ በፊት ረቡዕ ጠዋት ኪዳን አለ።

ዘአዌቱ፦

እገኛለሁ።